ለእርቅ የተጋገረ ማፊን

ወንድሜ እንድሪያስ ትልቅ ሰው ነው። ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ቪላ አለው፤ ቢሮው ውስጥ የሚሽከረከር ወንበር አለው። እኔ ጉታ፣ ታላቁ ነኝ፤ ገጠር፣ ላንቴ ሙዝ አለማለሁ። እሱ እንዲማር እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጣሁ። ሲያገባ ደግሞ ውለታዬን አስቦ፣ ድንኳኑ በር ላይ የጥሪ ወረቀት ተቀባይ አድርጎ አቆመኝ። ፎቶው ላይ የሙሽሪት ጎረቤት ልጅ እንኳ አለ። እኔ የለሁም።

ከዚያ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። ዘንድሮ ሽማግሌዎች «የወንድማማች ኩርፊያ ጎሜ ነው፤ እርግማኑ ለልጅ ይተርፋል» ብለው ያዙን። እሺ ያልኩት ለአንዲት ቃል ነው፤ «በድዬሃለሁ» እንዲለኝ። በኛ ዘንድ በዳይ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ሽማግሌው ዳቦ ባርኮ ይቆርሳል፣ ሁለቱ ይበላሉ፣ አለቀ። ቃሉ ሳይወጣ ከተበላ ግን ቃሉም አብሮ ተበላ ማለት ነው።

እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንድሪያስ ቤት ሄድን። ሳሎን እንደተቀመጥን የወንድሜ ሚስት ማህደር፣ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ እጇ ዱቄት እንደሆነ ብቅ አለች።

«ዛሬ ኢንግሊሽ ማፊን ነው የሠራሁላችሁ!»

ከስልኳ ላይ እያየች ነው አሉ። የቱና ቆርቆሮ አፍና ታቹን ቆርጣ፣ ሊጡን በእሱ አክብባ፣ የበቆሎ ዱቄት ነስንሳ መጥበሻ ላይ ታገላብጠዋለች። እንግሊዝ ምድጃ አጥቶ የፈጠረው ነገር ሳይሆን አይቀርም። መዳፍ የማትሞላ ክብ ዳቦ፣ በየሰሃኑ አንድ አንድ፣ ጎኗ ላይ ሹካ።

ሽማግሌያችን አባ ኦይታ ትሪውን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ የሚቆረሰው የትኛው ነው?»

«አይቆረስም አባባ፤ ለሰው አንድ አንድ ነው። ዙሪያውን በሹካ ወግተው ይከፍቱታል።»

«እርቅ ለሰው አንድ አንድ አይታደልም፣ የኔ ልጅ።»

«ቶሎ ካልተበላ ይደርቃል አባ» አለ እንድሪያስ።

ዳቦ እንዳይደርቅ ብሎ እርቅ የሚያቻኩል ሰው የዚያን ቀን አየሁ። አባ ኦይታ አንዷን አንስተው ባረኩና ለሁለት ገመሷት፤ ለእሱ ግማሽ፣ ለእኔ ግማሽ። «በል እንግዲህ፣ ቃሉን...» ብለው ሳይጨርሱ እንድሪያስ የራሱን ጎረሰ። ብልጥ!

«ቃሉስ?» አልኩ፣ የኔን በእጄ እንደያዝኩ።

ማፊኗ ውጪዋ ቡናማ፣ ውስጧ ሊጥ ነበረች፤ ጥርሱ ላይ ተለጥፋ መንጋጋውን ያዘችው። ጠበቅነው። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ስብሰባ እንደሚከፍት ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣

«በወቅቱ በእንግዳ አቀባበል ዙሪያ የታዩ ክፍተቶች ነበሩ» አለ።

«ክፍተቱ ስም የለውም?» አሉ አባ ኦይታ።

«ማለቴ... በጋራ የምናርመው ነው።»

«በሩ ላይ የቆምኩትም በጋራ ነበር እንዴ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለች ማህደር። «በር ላይ ያቆምንዎት አፍረንብዎት ነው። ጫማዎን አይቼ ‹ፎቶ ላይ እንዳይገባ› ያልኩት እኔ ነኝ። እሱም እሺ አለ። በድለንዎታል።»

«ማሂ!» አለ ባሏ።

«ምን ማሂ ትለኛለህ? ውሸት ነው?»

ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል በሆዴ ስስቅባት ከቆየሁት ሴት አፍ ወጣ። ቁራሹን ጎረስኩ። ሊጥ ነው። ዋጥኩት።

እንድሪያስ ፊቱ በራ። «በቃ፣ ታረቅን!» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«እኔ የታረቅኩት ከሚስትህ ጋር ነው» አልኩትና እጄን ለእሷ ሰጠሁ።

ሽማግሌዎቹን አየ፤ ይፈርዱልኛል ብሎ። አባ ኦይታ በትራቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

«ለአንተ ሌላ ቀን እንመጣለን» አሉት።