ሞጣ የሚሄዱት አሮጌ ኮምፒውተሮች

ልጆቼ፣ እኔ ኮምፒውተር የሚባለውን ያወቅሁት ቤቴ ከገባ ወዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሰገነት እዚሁ ቢቸና አንድ መሥሪያ ቤት የጣላቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ለምና አመጣችና፣ እህል የምናስቀምጥበትን ክፍል ጠርጌ ሰጠኋት። ለሞጣ ተማሪዎች ነው አለችኝ። እዚያ መምህርት ጥሩአየሁ የምትባል አለች፤ ተማሪዎቿ አንድ መጽሐፍ እየተሻሙ ነው የሚያነቡት። ኮምፒውተሮቹ በገመድ ከተያያዙ ግን በአንዱ ላይ የተጫነውን መጽሐፍ ሁሉም ይከፍተዋል።

"ታዲያ ምን ቀረሽ?" አልኋት።

"መነጋገሩ ነዋ፣ አጎቴ። ገመዱ የሚሰካበት ኔትወርክ ካርድ አለ። ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ደግሞ አለ፤ ድራይቨር ይባላል። ካርዶቹ አርጅተዋል፤ የሚስማማቸውን እየሞከርሁ ነው።"

"አስተርጓሚ ነው በይኛ።"

"አዎ። አንዳንዱ አስተርጓሚ መሐል ላይ ዝም ይላል።"

ትልቅ ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው ትልካለች፤ ሳይጎድል ከደረሰ ደግማ ትልካለች። ከተቋረጠ ያንን ድራይቨር ትታ፣ ሌላ ጭና እንደ አዲስ ትነሣለች። እኔ ልጅ ሆኜ ዳዊት ስደግም የኔታም እንዲሁ ነበሩ፤ አንዲት ቃል ከዘለልሁ "ከላይ ጀምር" ነው።

መምህርት ቅዳሜ መኪና ይዛ ልትመጣ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሰገነትን "ያልሠራውን መልሺ፣ ለቆራሌው እንሸጠዋለን" ብሏታል። ግራ የገባት ግን ይህ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ስታየው ይሠራል፣ ወጣ ብላ ስትመለስ ተቋርጦ ታገኘዋለች። ድራይቨር ትቀይራለች፤ ያው ነው።

"አንቺን ፈርቶ ነው የሚሠራው" አልኋት። ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም።

"ይሠራል ብዬ ልስጣቸው፣ አጎቴ? ሞጣ ደርሶ ልጆቹ ፊት ቢቋረጥስ?"

ዓርብ ዕለት ገመድ ልትገዛ ወጣች፤ ባለሱቁ ለቅሶ ሄዶ ኖሮ ወዲያው ተመለሰች። ባለቤቴ ባንቺዓለም ክፍሉ ውስጥ ናት። ለቴሌቪዥናችን የሠራችውን ዓይነት ዳንቴል፣ ከነገበሩ፣ ኮምፒውተሮቹን እስከ ጀርባቸው አልብሳ ጫፉን ታስተካክላለች።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"አንቺ ስትወጪ ጎረቤቱ ሁሉ 'እስቲ እንየው' እያለ ይገባል። ዓይን አለ፣ አቧራ አለ። የሰው አደራ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? አንቺን እንዳያስቸግርሽ ስትመጪ አነሣዋለሁ።"

ሰገነት እጇን ከዳንቴሉ ሥር አስገብታ ቶሎ መለሰችው፤ ያቃጥላል። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን ሸፈነች። ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው። ሲታፈን ካርዱ ይግልና ይቋረጣል" አለች።

ባንቺዓለም ዳንቴሎቿን ሰብስባ ወጣች። ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ሰገነትም ከሁሉ አስቀድማ የጣለችውን ድራይቨር መልሳ ጫነች። "ያለ ጥፋቱ ነው ያባረርሁት" አለችኝ።

ቅዳሜ መምህርት ጥሩአየሁ ትልቅ ፌስታል ይዛ ከመኪና ወረደች። "ተማሪዎቼ ሠርተው ነው" ብላ ከፈተችው። የኮምፒውተር ልብስ ነው፤ በየአንዳንዱ ላይ የሠራችው ልጅ ስም ተጠልፏል።

 ሰገነት እንዴት ብላ ትናገር? ከጓዳ ወጥታ የተናገረችው ባንቺዓለም ናት።

"ልጄ፣ ጥልፉስ ያምራል። ግን የሚሮጥ ልጅ ጋቢ ይደረብለታል? ሲተኛ ነው እንጂ። ልጆችሽ ሲያጠፉት ያልብሱት፣ ሲሠራ ይግፈፉት። እኔ ሳላውቅ አልብሼው ይችን ልጅ አስለቅሻታለሁ።"

"እኛም እየሠራ ልናለብሰው ነበር፣ እናቴ" አለች መምህርት። ወደ ሰገነት ዞራም "ታዲያ ይሠራል?" አለቻት።

"ይሠራል ለማለት ገና ነኝ። ሳይለብስ የጀመርሁት ሙከራ አላለቀም። መኪናው ይጠብቃል?"

"አይጠብቅም" አለ ሹፌሩ ከበር ላይ።

"ይጠብቃል" አለች መምህርት፤ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

ሁላችንም ተቀመጥን። ፋይሉ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የማይገባንን ነገር እንደዚያ ዝም ብለን አይተን አናውቅም። ሹፌሩ እንኳ ማጉረምረሙን ትቶ "አሁንስ የት ደረሰ?" እያለ ይጠይቅ ጀመር።

ሙከራው አንዴም ሳይቋረጥ ሲያልቅ ሰገነት አልጮኸችም፤ ገመዶቹን ከየካርዱ መንቀል ጀመረች። ሹፌሩ ጎንበስ አለና የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አቅፎ ወጣ።