የኤልቪ ማማ

ኤልቪ ሄይኪላ ዛፍ ላይ የተሠራውን የአደን ማማዋን ለማን እንደምትተው በልቧ ከወሰነች ሰንብታለች። ትከሻዋ ደጋን መሳብ እንቢ ስላላት ዘንድሮ ከዛፉ ላይ ሌላ ሰው መቀመጡ አይቀርም። እሷ የምትፈልገው የወንድሟን ልጅ የዴልን ሚስት ሮንዳን ነው። ነገር ግን በሰሜን ሚሺጋን ጫካ፣ በሄይኪላ ቤተሰብ ደንብ፣ ማማ እንዲህ በምርቃት አይሰጥም። የአጋዘን የቀስት አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ፈላጊው የአደን ልብሱን ለብሶ ማማው ላይ ይወጣና ሦስት ቀስት ይለቃል። ሦስቱም ከታች በጭድ እስር ላይ ከተሰካው የወረቀት ሳህን ላይ ካላረፉ ማማው ለተረኛው ያልፋል። ተረኛው ደግሞ የዴል ታላቅ ወንድም ራስል ነበር።

ሮንዳ ደጋን የያዘችው ገና በግንቦት ነው። ያኔ የባሏን ደጋን ይዛ መጣች። ለመሳብ ወደ ሰማይ ስታነሣውና ወገቧ ሲጣመም ያየችው ኤልቪ ከእጇ ወሰደችባት።

«ወፍ ልትመቺ ነው?»

«ዴል በዚህ ነው የሚያድነው፣ አክስቴ።»

«ዴል ያድንበት። ተቀምጠሽ፣ ቀጥ ብለሽ የማትስቢው ደጋን ያንቺ አይደለም።»

ቀለል ያለ ሰጠቻትና በተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጣ ታለማምዳት ጀመር። ሮንዳ በጋውን ሙሉ ከዳቦ ቤት ሥራዋ ስትወጣ፣ ዱቄቱ ከፀጉሯ ሳይራገፍ፣ ወደ ኤልቪ ጓሮ ትመጣ ነበር። ገመዱ ክንዷን እየገረፈ አበለዘው። አልተማረረችም፤ ክርኗን እንዴት ብታዞር ገመዱ እንደሚያልፍላት ጠየቀች እንጂ። ኤልቪ ሲስቱ ነፋሱን የሚራገሙ፣ ደጋን የሚቀያይሩ ብዙ ጀማሪዎች አይታለች። ይህች ግን ስትስት ዝም ብላ እግሯን ታያለች፤ አቋሟን ታስተካክልና ደግማ ትስባለች።

በፈተናው ቀን ሮንዳ የዴልን የአደን ኮት ለብሳ መጣች። ራስል ከማገዶው ክምር ላይ ተቀምጦ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ይገምጣል።

«ዴልም አብሮ እውስጡ አለ እንዴ?» አላት።

«ኪሱ ውስጥ ነው፤ ጠይቀው።»

ኤልቪ ሳቀች። ወዲያው ግን ዓይኗ ከኮቱ እጅጌ ላይ ቀረ፤ የሮንዳን ሁለት ክንድ የሚያስገባ እጅጌ ነው። በጋውን ሙሉ ያለማመደቻት በአጭር እጅጌ ሸሚዝ መሆኑ ያኔ ገና ታወሳት። በወጣትነቷ የባሏን ካፖርት በልኳ እያጠበበች የሰፋች ሴት ይህን እንዴት ትረሳለች? ሮንዳ መሰላሉን ይዛለች፤ መሰላል ከተያዘ ደግሞ ደንቡ ምክር ይከለክላል።

ሮንዳ ሳበች። አቋሟ ያምር ነበር። ስትለቅ ገመዱ እጅጌውን ጠለፈና ቀስቱ ተንሻፎ ከቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ራስል መብላቱን አቆመ።

ኤልቪ ለማንም ብላው የማታውቀውን ተናገረች። «የልብሱ ጥፋት ነው። አይቆጠርም፤ ድገሚው።»

«የኔ ኮፍያ ዓይኔ ላይ የወደቀ ጊዜ ቆጥረሽብኛል» አለ ራስል።

እውነቱን ነበር። ከላይ የመለሰችው ሮንዳ ናት።

«ይቆጠራል፣ አክስቴ። አጋዘን ቢሆን ኖሮ ሆዱን ወግቼ አሠቃይቼው ነበር። ማማው የራስል ነው።» ወደ ራስል ዞር አለች። «የቀሩትን ሁለቱን ግን ልልቀቃቸው?»

«ምን ሊረባሽ?» አላት ራስል።

«ጥፋቱ የእጅጌው ይሁን የእኔ ልወቀው።»

«እንደወደድሽ።»

ሮንዳ የጫማዋን ማሰሪያ ፈትታ እጅጌውን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ጠቀለለችው፤ ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀች። አንዱን ለቀቀች፤ ሳህኑ ላይ ተተከለ። ሌላውን ለቀቀች፤ ከጎኑ ተተከለ። የምታሸንፈው ነገር አልነበረም፤ እጇ ግን ማማውን ልታገኝ ስትስብ ከነበረው ይበልጥ የረጋ ነበር። ኤልቪ ይህን አየች።

ሮንዳ ያልታሰረ ጫማዋን እየጎተተች ወረደች።

«ነገ አንድ አጋዘን ከጣልኩ ስጎትት ታግዢኛለሽ?» አላት ራስል። ድምፁ ፌዝ አልነበረበትም።

«እመጣለሁ። ቢላህን ግን ሳለው፤ ያምናው ቅቤም አይቆርጥም።»

ኤልቪ ወደ ቤት ይዛት ገባች። የጠመንጃው አደን አብቅቶ በረዶው ሲከብድ፣ በታኅሣሥ፣ የቀስት አደን ዳግም ሲከፈት ማማው እንደገና ለፈተና ይቀርባል፤ የሚለበሰውም ያኔ ይወፍራል። የራሷን የሱፍ ካፖርት አወጣችና አለበሰቻት፤ እስፒሎቹን በከንፈሯ ነከሰች።

«ሳቢ።»

«እዚህ? ማድ ቤት ውስጥ?»

«ክንዱን አንጠልጥሎ የሚያድን የለም። ስትስቢ ነው የምለካሽ። ቀስት የሌለበት ነውና ገመዱን እንዳትለቂው።»

ሮንዳ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ሳበች። ኤልቪ እጅጌውን እየቆነጠጠች እስፒል ሰካችበት፤ ክርኗ ጋ አንድ፣ ብብቷ ሥር ሌላ። ከጨረሰችም በኋላ አንድ ጊዜ ዞረቻት፤ ክንዷን፣ እግሮቿን፣ የረጋ ትንፋሿን አየች።

«አክስቴ፣ አልጨረስሽም?»

«ጨርሻለሁ» አለች ኤልቪ። «እያየሁሽ ነው።»

ሮንዳ ገመዱን ቀስ አድርጋ መለሰች።