የጥሩሸዋ ሙት ዓመት አረቄ

የጥሩሸዋ ሙት ዓመት አንድ ወር ሲቀረው ባሏ ዓምደ ሚካኤል የዝክሩን አረቄ በገዛ እጁ ሊያወጣ ቆረጠ። ቤቱ ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ወጣ ብሎ ገብስ ማሳ መካከል ነው። ጥሩሸዋ ከሞተች ወዲህ ከአስራ አራት በጎቹ በቀር የሚጠብቀው አልነበረም። አንዲት ልጁ ሳሌም ደብረ ብርሃን ትሠራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውልለታለች።

«አባዬ፣ ቢራ በሳጥን ይዤ እመጣለሁ። ራስህን አታድክም» አለችው በስልክ።

«የእናትሽን ሙት ዓመት በቢራ አላወጣም።»

«ታዲያ አረቄውን ማን ይሠራዋል?»

«እኔ።»

«እሺ፣ አባዬ» አለችው ሳሌም። ሳቋን እየዋጠች ይሁን ልቅሶዋን አልለየም።

ጥሩሸዋ በአረቄዋ የታወቀች ነበረች። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ አረቄዋን የቀመሰ ሁሉ ስሟን ይጠራል። ዓምደ ሚካኤል ጌሾ ስትወቅጥ፣ ብቅል ስታሰጣ፣ የገብስ ቂጣ ቆራርሳ ከጥንስሱ ጋር ስትደፈድፍ አርባ ዓመት አይቷል። እንዲህ ሲያይ የኖረውን ነገር የሚያውቀው መስሎት ነበር። ማውጣቱን ግን አይቶ አያውቅም። ድፍድፉ ሲደርስ «ውሃው እዚያ ይቀርበኛል» እያለች ወንዝ ትወርድ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ጠርሙሶቿን በቅርጫት ይዛ ትመለሳለች።

ወንድ ልጅ ጌሾ ሲወቅጥ መታየቱ ስላሳፈረው በሩን ዘግቶ ሠራ። ከጋኖቿ አንዱ ተሰንጥቆ ነበርና ከሞላሌ ገበያ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ገዛ። መጠጥን የሚያበላሸው አየር ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ክዳኑን ጥርሱን ነክሶ ጠመዘዘው፣ ዙሪያውን በጨርቅ አሰረው፣ ከላዩ ድንጋይ ጫነበት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ለበጎቹ ድርቆሽ ሲያወርድ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ። በጎቹ ደንብረው አጥሩን ተጠጉ። ሮጦ ሲገባ ክዳኑ ጣሪያውን መትቶ ወድቋል፤ ድፍድፉ ግድግዳውን፣ አልጋውን፣ መደቡን ሁሉ አልብሶታል። ጥሩሸዋ ቤተ ክርስቲያን የምትስምበት ነጠላ ዓመቱን ሙሉ ከተሰቀለበት ችንካር አልወረደም ነበር። እሱም ከጥበቡ እስከ ጫፉ ቡናማ ሆኗል።

ግድግዳውን ትቶ ነጠላውን አወረደ። በገበቴ ውሃ አጠበው፣ አመድ ጨምሮ ደግሞ አጠበው። የጌሾው ቀለም አልለቅ አለ። ሽታው ደግሞ የእሷ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ከቤቱ የጠፋው ሽታ። ጨርቁን እንደያዘ ደጃፉ ላይ እስከ ቀትር ተቀመጠ።

ሁለተኛውን በደህናው ጋን ደፈደፈ። አሁን መታፈኑን ፈርቶ አፉን እንዳለ ከፍቶ ተወው። ከሳምንት በኋላ ላዩ ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ ሲቀምሰው ምላሱን የሚነክስ ሆምጣጤ ነው። ከጓሮ ደፋው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሌላ ነገር ያስጨንቀው ነበር። ማውጫው ማሰሮና እንፋሎቱ የሚያልፍበት ሸምበቆ ቤቱ ውስጥ የሉም። ከቆጡ ላይ፣ ከጎተራው ሥር፣ ከእህል ጆንያዎቹ ኋላ ፈለገ። የሰው እጅ የነካው ነገር አልነበረም፤ ከነበሩበት የጎደሉ አይመስሉም፣ ከመጀመሪያውም እዚያ ያልኖሩ ይመስላሉ።

ድፍድፉን በደፋ በማግስቱ ትርሲት መጣች። ትርሲት የጎረቤቱ የአወቀ ሚስት ናት። ዓምደ ሚካኤልና አወቀ በድንበር ካብ ተካሰው፣ ሞላሌ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ተመላልሰው፣ ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ዓመት ሰላም አይባባሉም። ያን ጊዜ ጥሩሸዋን «የዚያን ሰው ደጃፍ እንዳትረግጪ» ብሏት ነበር። እሷም «እሺ» ብላዋለች።

ትርሲት ከበሩ ውጭ ቆመች። «ጋሽ ዓምዴ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ፈለግሽ?»

«ከጓሮ የደፉት ሸተተኝ። ሆምጥጦብዎታል።» ነጠላዋን አጣፋች። «ማሰሮውንም በከንቱ አይፈልጉ። እኛ ጋ ነው።»

«የእኔ ቤት ማሰሮ እናንተ ጋ ምን ይሠራል?»

ትርሲት መሬት መሬት አየች። «ማሰሮው የእትዬ ጥሩሸዋ ነው፤ ሸምበቆው የእኔ። ወንዙ ዳር ከቤታችን ኋላ ያለችውን ጎጆ ያውቋታል? እዚያ ነበር አብረን የምናወጣው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም። ከተጣላችሁም በኋላ አላቆምንም።»

ዓምደ ሚካኤል የበሩን መቃን ያዘ። «አወቀ ያውቅ ነበር?»

«እንጨቱን የሚፈልጥልን እሱ ነበር።»

ትርሲት ልትሄድ ዞር ብላ እንደገና ተመለሰች፤ ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። «ስትታመም ልጠይቃት አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ እስከ ካቡ መጥቼ ተመለስኩ። እርስዎን ፈርቼ ነው።»

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለው። ጥሩሸዋ በመጨረሻው ሳምንት ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ትተኛ ነበር። በየቀኑ «ሰው አልመጣም?» ትለው ነበር። እሱም በየቀኑ «ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» እያለ ብርድ ልብሱን ያለብሳታል። ትኩሳቱ የሚያስለፈልፋት መስሎት ነበር።

«ግቢ» አላት ለትርሲት።

ሦስተኛውን ድፍድፍ ትርሲት አዘዘች፣ እሱ ሠራ። ጋኑን አጠበው፣ በወይራ ጭስ አጠነው። ደፍድፎ ሲጨርስ ትርሲት የጋኑን አፍ በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍና ዙሪያውን ላላ አድርጋ አሰረችው።

«በርሜሉ ለምን ፈነዳ ይመስልዎታል? የሚፈላ ነገር ይተነፍሳል፤ መተንፈሻ ሲያጣ ይገነፍላል። እንዲያው ክፍት ቢተዉት ደግሞ ያ የደፉት ይሆናል። ሲንተከተክ ጨርቅ ይበቃዋል። ድምፁ ሲያርፍ ነው በጭቃ የሚመረገው።»

«ማረፉ በምን ይታወቃል?»

«ጆሮዎን ጋኑ ላይ ያድርጉ። እሷ እንዲያ ነበር የምታደርገው።»

ጥሩሸዋ ጋን ላይ ጆሮዋን አሳርፋ ስታዳምጥ ብዙ ጊዜ አይቷታል። የደከማት ይመስለው ነበር እንጂ ጠይቋት አያውቅም።

በስድስተኛው ቀን ድምፁ አረፈ፤ መረጉት። ከሁለት ቀን በኋላ ድፍድፉን በእንስራ እየቀዳ፣ በጀርባው እያዘለ፣ አስራ አንድ ዓመት ያላለፈውን ካብ ዞሮ ወንዙ ዳር ወረደ። ጉም ገና አልተነሳም። በጎጆዋ ውስጥ ምድጃ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ የእንጨት ገንዳ፣ ከምድጃው ግራና ቀኝ ደግሞ ሁለት የድንጋይ መቀመጫ አለ። በአንዱ ላይ የተጣጠፈ የበግ ለምድ ተነጥፏል።

«እዚያ ላይ ይቀመጡ» አለችው ትርሲት። የማን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ማሰሮው ተጣደ። ሸምበቆው ከማሰሮው ክዳን ወጥቶ ገንዳው ውስጥ ወደተዘፈዘፈው ገንቦ ይወርዳል። ትርሲት የማሰሮውን አፍና የሸምበቆውን መግቢያ በሊጥ ዙሪያውን ደፈነች፤ እንፋሎት ሽው ባለበት ሁሉ ጣቷን አርጥባ ትለጥፋለች። «አሁን ደግሞ አንዲት ትንፋሽ አትውጣ። የምትወጣው ሁሉ አረቄው ናት።» ዓምደ ሚካኤልም የገንቦውን አፍ ሊደፍን ሊጥ አንስቶ ነበር፤ እጁን ያዘችው። «እዚያስ ተዉት። መጨረሻው ላይ ትንሽ ክፍተት ከሌለ ይኸኛውም እንደ በርሜሉ ነው።»

እሳቱ ሊያንስ ሲል አወቀ የተፈለጠ እንጨት ታቅፎ ገባ። ሸምግሏል። ዓምደ ሚካኤል ጸጉሩ እንዲህ መንጣቱን በሩቅ አላየውም ነበር። እንጨቱን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠና ቀና አለ።

«እንዴት ዋልክ፣ ዓምደ ሚካኤል።»

«ደህና። አንተስ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

የእንጨቱን ፍርፋሪ ከልብሱ አራግፎ ወጣ። ትርሲት ወደ እሳቱ እያየች ነበር።

በሙት ዓመቱ ቀን ቄሱ ጸሎት አድርገው ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ። ሳሌም አንድ ሳጥን ቢራ ይዛ መጥታ ነበር፤ ግማሹም አልተከፈተም። አረቄው ሲዞር ሽማግሌዎቹ እየቀመሱ እርስ በርስ ተያዩ። «ይህ የእሷ እጅ ነው» አሉ። አወቀ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ አንድ መለኪያ ጠጣ፣ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሌላው ሳይነሳ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። ከዚያ በላይ አልሆነም።

ሰኞ ሳሌም ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ አብሯት እንዲሄድ ለመነችው። «እዚህ ብቻህን ምን ታደርጋለህ?» አለችው። በጎቹን ምክንያት አደረገ። መኪናው ሲርቅ ከመንገዱ ዳር ብዙ ቆየ።

ባለፈው ጾም መግቢያ ላይ የጥሩሸዋን ማሰሮ ወደ ቤቱ ሊመልስ ወንዙ ዳር ወርዶ ትርሲትን አገኛት። ብዙ ጊዜ ሊጠይቃት ፈልጎ የተወውን ነገር ጠየቃት።

«እዚህ ስትቀመጡ ምን ትጫወቱ ነበር?»

ትርሲት ፈገግ አለች። «ምን እንጫወታለን፣ ጋሽ ዓምዴ? ስለ ጉልበታችን ሕመም፣ ስለ ሳሌም፣ ስለ በግ። እኔ ብዙ አወራለሁ። እሷ ትዘፍን ነበር።»

«ጥሩሸዋ?»

«ድምፅዋኮ ልብ ይበላል! አያውቁም?»

አያውቅም ነበር። ምን ምን እንደምትዘፍን ጠየቃት። ትርሲት አንዱን በቀስታ ጀመረችና የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሳቀች፤ «ቀጥሎ ያለው ጠፋኝ፤ እሷ ነበረች የምታውቀው» አለች።

ዓምደ ሚካኤል ማሰሮውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። በጎቹን አስገባ፣ እሳት አነደደ፣ ለራሱ ሽሮ ጣደ። የሰማትን አንዷን ስንኝ ሊያንጎራጉራት ሞከረ። ዜማዋን ግን ከመንገድ ላይ ጥሏት ነበር።