ያልተሰማው ሚስማር

አናጢው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ሚስቱ «ቆይ፣ እግርህን አታንቀሳቅስ» አለችው። ከሶሉ ስር የሚስማር ጭንቅላት ያብረቀርቃል። ጫማውን ቀስ አድርጋ ስትስበው ሚስማሩም አብሮ ወጣ፤ ካልሲው በደም ርሶ ከእግሩ ጋር ተጣብቋል። መቼ እንደወጋው አያውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ነው የዋለው።

«አያምህም?»

«ምኑ?»

ቁስሉን አጥባ በንጹህ ጨርቅ አሰረችለት። እሱም እራቱን በልቶ ተኛ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እሱ ግን ድንጋጤውም አብሮ የደነዘዘ ይመስል ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ደምህ ውስጥ ስኳሩም ቅባቱም በዝቷል ተብሎ መድኃኒት ታዞለት ነበር። ጥቂት ወራት ዋጠና ተወው። የሚያመው ነገር ስላልነበረ፣ ሚስቱ ሻይ ላይ ስኳር በቀነሰችበት ቁጥር «የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ ሻዩ?» እያለ በቀልድ ያልፋታል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይዛው ሄደች። እንደ ልማዱ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጧት ብቻውን ገባ። ነርሷ ቁስሉን አጸዳች፣ መርፌ ወጋችው፣ ለምርመራ ደም ቀዳች። ከዚያ አልጋው ላይ አስተኝታ አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ክር አሳየችው። እግሩን በሱ እንደምትነካካና ሲሰማው «አዎ» እንዲላት ነግራ ዓይኑን አስጨፈነችው።

ጠበቀ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ያስላል፣ የሆነ በር ይዘጋል። ጠበቀ። ልጅቷ ሐሳብ ይዟት የቆመች መሰለው።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?»

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

ዓይኑን ገለጠ። ነርሷ ቀና ብላ አላየችውም።

የደሙ ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ ሳይቸኩል አስረዳው። ስኳሩ የእግሩን ነርቮች ጎድቷል፤ ቅባቱ ደግሞ የደም ሥሮቹን እያጠበበ ነው፤ ጉዳቱ እስከ ልብና አንጎል ሊደርስ ይችላል። የጠፋው ስሜት ላይመለስ ይችላል። እግሩ ግን ይተርፋል፤ መድኃኒቱን ካላቋረጠ፣ አመጋገቡን ካስተካከለ፣ በየምሽቱም ውስጥ እግሩን ካየ። አናጢው የሌላ ሰው ወሬ እንደሚነገረው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

«ጎንበስ ብለው ውስጥ እግርዎን ማየት ይችላሉ?»

አናጢው ቦርጩን አየ። «አልችልም።»

«ቤት የሚያይልዎት ሰው አለ?»

ዕድሜውን ሙሉ ከሐኪም ቤት በወጣ ቁጥር ለሚስቱ «ምንም አልተባልኩም» ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁንም ቃሉ አፉ ላይ ነበር። ግን ተነሳ፣ እያነከሰ እንኳ አልነበረም፣ በሩን ከፈተ። ሚስቱ ቦርሳዋን ታቅፋ ቀና አለች።

«ነይ ግቢ» አላት። «እኔ አልሰማ ብያለሁ፤ አንቺ ስሚልኝ።»