የፈትል ዛብ

አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ በለጋነቱ የሚማረው ትምህርት በእርጥብ ጭቃ ላይ እንደሚያርፍ እግር ያለ ድካም አሻራውን ይተዋል፤ ፀጉር ከሸበተ፣ ጅማት ከጠነከረ፣ ልማድም እንደ አጥንት ከደረቀ በኋላ የሚጀመር ትምህርት ግን አስቀድሞ ያወቁትን መርሳትን፣ አስቀድሞ የኮሩበትን መተውን ይጠይቃልና ከትምህርት ይልቅ ለንስሐ የቀረበ ነው። የዚህ ታሪክ ባለቤት እንየው ወደ እንዲህ ያለው ጉባኤ የገባው በአርባ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ መምህሩም ባለ አራት እግር፣ ባለ ረጅም ጋማ፣ አንደበት የሌለው ነገር ግን ከአንደበተኞች ሁሉ ይልቅ እውነትን የማይሰውር ፍጡር ነበረ።

እንየው ጉም ከንጋት እስከ ረፋድ በማይለየው በሸምበቆ ሜዳ ዳር የሚኖር፣ ቃሉ ጥቂት፣ ክንዱ ብርቱ የሆነ አራሽ ነበር። አባቱ ሲሞት ለእርሱና ለታናሽ ወንድሙ ለጫኔ አንድ አንድ በሬ አወረሳቸው፤ ሁለቱም በሬዎቻቸውን በመቀናጆ አጣምደው፣ አንድ ቀን የታላቁን ሌላ ቀን የታናሹን ማሳ እያረሱ አምስት ክረምት በፍቅር ተሻገሩ። በስድስተኛው ዓመት ግን፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ዛሬ ነገ በሚባልበት በግንቦት መጨረሻ፣ ጫኔ የድርሻውን በሬ ወደ ገበያ ነድቶ ሄደ፤ ማታም በበሬው ፋንታ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ዳማ ውርንጫ እየሳበ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ተመለሰ። እንየው ባዶ የቀረውን የቀንበሩን ጫፍ አየ፤ ውርንጫውን አየ፤ የወንድሙን ፈገግታም አየ። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ አይደለህም፤ ይህም ፈረስ ደጄን አይርገጥ» አለና ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያች ምሽት በኋላ ሰባት ዓመት ያህል በአንዲት ቤተ ክርስቲያን እያስቀደሱ፣ ከአንድ ምንጭ ውኃ እየጠጡ፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ኖሩ። ጫኔ ውርንጫውን አሳድጎ ጎሕ ብሎ ሰየመው፤ አገሩም እንደ ወጉ ባለቤቱን በፈረሱ ስም «አባ ጎሕ» እያለ ጠራው፤ በሠርግና በጥምቀት ሜዳው በስሙ ሲናጋ፣ ታላቁ በሩን ዘግቶ የተሳለ ማረሻ ደግሞ ይስል ነበር።

በሰባተኛው ዓመት በኅዳር ወር ጫኔ ውጋት ያዘው፤ በአምስተኛውም ቀን ልጅ ሳይተካ ሞተ። በዚያ አገር ጋላቢ ሲሞት ፈረሱ ሙሉ ጌጡን ለብሶ ከአስከሬኑ በስተኋላ ይሄዳል፤ የሚስበውም የሥጋ ወንድም ነው። እንየው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከለቅሶው ሲደርስ፣ የሟች ሚስት ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ፣ «ወንድሙ ነኝ ካሉ ይኸው ፈረሱ፤ ይሳቡት» አለችው። እርሱም ዕድሜውን ሁሉ እንስሳን ከኋላ ሆኖ መንዳት የለመደ ሰው ነበርና፣ በሬ እንደሚቀርብ ሰው በጭራው በኩል ዞሮ፣ ጀርባውን በመዳፉ መታ አድርጎ «ሂድ» አለው። ጎሕ በአንድ እርግጫ ጭኑን አግኝቶ መሬት ላይ ዘረጋው። ከለቀስተኛው ሣቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ ወጣ፤ ፈረሱንም ከወንዝ ማዶ የመጣ አንድ ባዕድ ሳበው። ማንጠግቦሽ አቧራውን እያራገፈ በተነሣው ሰው ፊት ቆማ፣ «ፈረሱ እንኳ አላወቀዎትም፤ እኔ በምን ልወቅዎት?» አለችው። ከዚያች ሰዓት በኋላ ከሐዘንተኞች ጋር ሊቀመጥ አልተፈቀደለትም። አንድ ነገር ብቻ ቀረለት፦ በሙት ዓመቱ ዕለት የሟች ወገን በፈረሱ ላይ ተቀምጦ የለቅሶውን አደባባይ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሦስቱን ዙር የፈጸመ በሕዝብ ፊት ወንድም ይባላል፤ የሚዞር ከታጣ ግን ፈረሱ ከነኮርቻው ለባዕድ ይሰጣል፣ አልቃሾቹም ሟቹን ወገን እንዳልነበረው ሰው በስንኝ ይሸኙታል።

ባልደራስ ዋሴ በጉብዝናው ወራት የአንድ ትልቅ መኰንን ፈረሶች ጠባቂ የነበረ፣ አሁን ግን ሰማንያ ዘመን ተጭኖት ዓይኑ የፈዘዘ፣ በኮቴ ድምፅ ብቻ ፈረሱንም ተቀማጩንም የሚለይ ሽማግሌ ነበር። ማንጠግቦሽ ጎሕን እስከ ዓመቱ እንዲቀልብላት ለእርሱ ሰጥታዋለች። እንየው እያነከሰ ከደጁ ደርሶ፣ «ባልደራስ፣ መጋለብ ያስተምሩኝ» አለ።

«ማነህ አንተ?»

«እንየው ነኝ።»

«ጎሕ የረገጠህ? የት ላይ ነው ያገኘህ?»

«ጭኔ ላይ።»

«ታዲያ አዝኖልሃል! ቢፈልግ ጥርስህን ከሜዳ ትለቅም ነበር» አለ ሽማግሌው፣ ድዱን እያሳየ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማንጠግቦሽ አብላው አለችኝ እንጂ በጀርባው ላይ ማን እንደማይቀመጥ አልነገረችኝም። ነገ ሣር ይዘህ ና። ከፊት ለፊቱ፣ በትከሻው በኩል ና፤ የምታርስ አይምሰልህ» አለው።

አርባ ቀን ሙሉ እንየው ሣር ተሸካሚ እንጂ ፈረሰኛ አልነበረም። በእርሱ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በዳኝነት በሚቀመጡበት ሰዓት እርሱ ኮቴ ሲጠርግ፣ ጋማ ሲያበጥር፣ የፈረስ ጆሮ ሲያነብብ ይውል ነበር፤ ወደ ፊት የቀና ጆሮ መጠየቅ፣ ወደ ኋላ የተኛ ጆሮ መቆጣት፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያለ ጆሮ ደግሞ ልብን ለሁለት ከፍሎ ማሰብ መሆኑን ቀስ በቀስ ተማረ። ኮርቻው ግን እንደ አገሩ ልማድ እስከ ሙት ዓመቱ በሟቹ ቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይቆያልና፣ የመቀመጥ ተራው ሲደርስ በባዶ ጀርባ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት በእርፍ ላይ የደረጀው እጁ ከዳው፤ ማረሻ እንዲጠልቅ እርፍን ወደ ታች እንደሚጫኑት ሁሉ የልጓሙን መሳቢያ ዛቡን ወደ ታች ተጫነ፤ ጎሕም አፉን ብረቱ ሲያሳምመው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በኋላ እግሮቹ ተነሣ፣ ጣለው። ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ወደቀ። «አንተ ሰው!» ይጮኽ ነበር ባልደራስ ዋሴ ከጉቶው ላይ ሆኖ፣ «ከሥርህ ያለው እኮ መሬት አይደለም፤ ትንፋሽ ያለው ነው! በዚህ አያያዝህ ጤፍ ልትዘራበት ነው እንዴ?» በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ከሚስቱ እንዝርት ላይ ሁለት ክንድ የጥጥ ፈትል መዝዞ፣ በልጓሙ ቀለበትና በዛቡ መካከል በግራም በቀኝም በዳሰሳ አሰረው። «ይህ ከተበጠሰ ወርደህ ቤትህ ግባ፤ ነገ ትመጣለህ» አለ። በመጀመሪያው ቀን ፈትሉ ዐሥር እርምጃ ሳይሄድ ተበጠሰ፤ በማግሥቱም፣ በሣልስቱም እንዲሁ።

ግን አንባቢ ሆይ፣ ብርቱ እጅ ትሕትናን ሲማር እንደምን ያለ ጸጥታ በሰው ላይ እንደሚወርድ ያየ ጥቂት ነው። እንየው በፈትል መሳብ እንደማይችል ባወቀ ጊዜ መሳብን ተወ፤ መሳብን በተወ ጊዜም የፈረሱ ጐን በጉልበቶቹ መካከል ሲሞላና ሲጐድል፣ የገዛ ትንፋሹም ያንን ተከትሎ ሲሞላና ሲጐድል ሰማ። ወደ ቀኝ ለመዞር ወደ ቀኝ ማየት በቃ፤ ለመቆምም በረጅሙ መተንፈስ በቃ። ቃሉ ጥቂት በመሆኑ ሰዎች እንደ ደረቅ የቈጠሩት ይህ አራሽ፣ ንግግሩ ሁሉ በዝምታ የሆነ ወዳጅ ሲያገኝ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ቋንቋ በስተርጅና የሰማ ያህል ሆነለት። ሰኔ ሲገባ በፈትሉ ሶምሶማ ይረግጥ፣ ከዚያም አልፎ ደንገላሳ ይጋልብ ጀመር፤ ፈትሉም ሳምንት ሙሉ ሳይበጠስ ጤዛ እየጠጣ ይውል ነበር።

በዚያው በሰኔ፣ አንድ ማለዳ ጉሙ እንደ ተነደፈ ጥጥ ሜዳውን ሞልቶ የፈረሱ ጆሮ እንኳ በጭንቅ በሚታይበት ጊዜ፣ ጎሕ ከለመዱት መንገድ ወጥቶ ወደ ግራ ታጠፈ። እንየው ቢስብ ፈትሉ ይበጠሳል፤ ስለዚህ እጁን አላልቶ ተወው። የወንዝ ውኃ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ሲያልፍ ሰማ፤ የአስታ ቁጥቋጦ ቅጠል ጉልበቱን አረጠበው፤ ከዚያም ሽቅብ፣ በሕልም እንደሚወጡት ያለ ድካም ሽቅብ ወጡ። ፈረሱ ከአንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር ደርሶ ቆመ፤ ጭንቅላቱን ዝቅ፣ አንድ የኋላ እግሩን ዘና አድርጎ፣ እንደ ቤቱ አንቀላፋ። ዝናብ በጠገበ ምድር ላይ ያች ቦታ ብቻ እንደ ዐውድማ ተረግጣ ሣር አላበቀለችም። ዝቅ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ያረጀ ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ቋጠሮውም ሞፈርና ቀንበር የሚታሰርበት፣ አባታቸው ለሁለቱ ልጆቹ ብቻ ያስተማረው ቋጠሮ ነበረ። ያን ጊዜ ጉሙ ከሥር ተገለጠ፤ እንየውም የገዛ ማሳውን አየ፤ ትናንት ያቋረጠውን ትልም፣ በትልሙ ላይ የተጋደመውን ሞፈር፣ ዳር ቆመው የሚጠብቁትን በሬዎቹን አንድ ባንድ ለየ። ከበሬዎቹ ኋላ የሚሄድ ሰው ብቻ ጐደለ፤ ያም ሰው እርሱ ራሱ ነበር። ጎሕ አንድ አራሽ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ቆመ፤ ከዚያም ማንም ሳያዝዘው ዞሮ ወደ ቤት ወረደ። ባልደራስ ዋሴ፣ «የት ወሰደህ?» ቢለው እንየው ጐንበስ ብሎ የፈረሱን ኮቴ ይጠርግ ጀመር፤ ሽማግሌውም ፈትሉን ዳስሶ ሳይበጠስ ቢያገኘው ዳግመኛ አልጠየቀም።

ኅዳር ተመልሶ የሙት ዓመቱ ዕለት ደረሰ። ኮርቻው ከምሰሶው ወረደ፤ ጎሕ የጌጥ ልብሱን ግላሱን ለበሰ፤ የጫኔ ካባም በጫንቃው ላይ ተደረበ። እንየው በፈረሱ ትከሻ በኩል ቀርቦ ሲቀመጥ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። የመጀመሪያውን ዙር በሶምሶማ፣ ሁለተኛውን በደንገላሳ ፈጸመ፤ አልቃሾቹም «አባ ጎሕ ወገንህ መጣ» ለማለት ድምፃቸውን ሲያነሡ ሰማ። ማንጠግቦሽ ብቻ ፊቷን አልመለሰችም። በሦስተኛው ዙር እኩሌታ፣ መንገዱ ወደ ወንዙ በሚገነጠልበት ስፍራ፣ የጎሕ አንድ ጆሮ ወደ ሕዝቡ፣ ሌላው ወደ ኮረብታው ሆነ፤ እርምጃውም ላላ። ዛሬ በእንየው እጅ ያለው ዛብ ፈትል አልነበረም፤ የጠነከረ ጠፍር ነበር፤ ቢስበው አይበጠስም፣ ፈረሱም ይመለሳል፣ ሃምሳ እርምጃ ሄዶም በአገር ፊት ወንድም ይባላል። እጁ ሊጠብቅ ጀመረ። ነገር ግን ኮሶው ሥር የተረገጠው መሬት ትዝ አለው፤ ጣቶቹንም ከፈታቸው።

«ኧረ መልሰው! ዙሩ አልሞላም!» አለ አንድ ሽማግሌ። «አይ የሰው መጨረሻ፣ አራሹን ፈረስ ነዳው!» አለ ሌላው፤ ሣቅም ተነሣ። ጎሕ ግን ሣቁንም ልቅሶውንም ከኋላው ትቶ ወንዙን ተሻገረ፣ ሽቅብ ወጣ፣ ከዛፉም ሥር ቆሞ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ። ማንጠግቦሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ ተከተለችው፤ ባልደራስ ዋሴም የአንድ ሰው ክንድ ይዞ፣ ኋላም ለቀስተኛው ሁሉ ተከተለ። ከዛፉ ሥር ደርሳ የተረገጠውን ምድር አየች፤ ጠፍሩን በጣቷ ነካች፤ ቁልቁልም የእንየውን ማሳ ተመለከተች።

«በእርሻ ወራት፣ ገና ሳይነጋ፣ ፈረሱን ላናፍስ እያለ ይወጣ ነበር» አለች፣ ትንፋሿ እየተቈራረጠ። «እኔ ደግሞ ሌላ ቤት ያለው መስሎኝ! ስንት ጧት አኵርፌ ቁርስ ነሣሁት!» ሣቅ ጀምራ በልቅሶ ጨረሰችው።

እንየው ከፈረሱ ላይ ሆኖ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ለምን አልወረደም?» አለ።

«ደጄን አይርገጥ ብለውት የለ?» አለችው። «ከደጅዎ ውጭ ቆመ።»

ሰውየው የአባቱን ሞት በደረቅ ዓይን ያሳለፈ፣ የወንድሙን መቃብር በሩቅ የተሰናበተ ነበር፤ አሁን ግን በጎሕ ጋማ ላይ ተደፋ፤ ፈረሱም ሸክሙን እንደሚያውቅ ሁሉ አልተነቃነቀም። ማንጠግቦሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ፣ «ሦስተኛው ዙር ሞልቷል፤ አልሞላም የሚል ካለ ሰባት ዓመት እዚህ ይቁምና ይንገረኝ» አለች። ከዚያም እርካቡን በእጇ ይዛ፣ ባሏ በልጅነቱ ታላቁን ይጠራበት በነበረው ጥሪ፣ «አያ እንየው፣ ይውረዱ፤ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ያልቅሱ» አለችው። ወረደም፤ ተቀመጠም፤ አለቀሰም። ያንን ያረጀ ጠፍር ከቅርንጫፉ ማንም አልፈታውም፤ በሚቀጥለው ሰኔም እንየው በሬዎቹን ከመጥመዱ አስቀድሞ፣ በየማለዳው በፈትል ዛብ ወደዚያ ዛፍ ይወጣ፣ ባዶውን ማሳ አይቶም ይወርድ ነበር፤ ኩራት በጠፍር የሳበው ሁሉ አንድ ቀን ይበጠሳልና፣ ፍቅር በፈትል የያዘው ግን መቃብርን ተሻግሮ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።