ጄኔራሉ ያደሩበት ቤት

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የአጎትየው ጆሮ ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ አባትየው ይጮኻሉ፣ ዝናቡ ግማሹን ይውጠዋል፣ የተረፈው ከበሩ ጀርባ ተለጥፋ ለምታዳምጥ ትንሽ ልጅ ይደርሳታል። የደረሳትም ቁርጥራጭ ነበር፦ ጄኔራል፣ እንግዳ ክፍል፣ ማደር፣ መጋረጃ መበላት፣ ባለቤት፣ ለቅሶ። የቃሎቹን ጅራት ከጣራው የሚወርደው ውኃ ይዞት ሄዷል።

ልጅቷ ያን ክረምት ከታናሽ ወንድሟ ጋር አያቷ ዘንድ ከርማ መመለሷ ነው። በር ላይ ተለጥፈው የሰሙትን ነገር ደግሞ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ለወንድሟ በጆሮው ነገረችው፤ የጎደለውን እሷው ሞላችው። አንድ ትልቅ ጄኔራል ቤታችን አድረዋል። ባለቤታቸው በናፍቆት እያለቀሱ መጥተው ወስደዋቸዋል። መጋረጃውን በልተዋል የሚለው ትንሽ ቢከነክናትም፣ ትልቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሰው ንብረት እንደሚበላ ስለሰማች ብዙ አላስጨነቃትም።

ያቺ ልጅ ዛሬ ጠጉሯ ገብስማ ሆኗል። ወንድሟ «እትዬ» ይላታል፤ መንደሩም ከእሱ ወርሶ እትዬ ይላታል። አባቷ ካረፉ ወዲህ በዚያ የድንጋይ ቤት ብቻዋን ትኖራለች። ጠዋት ሰገነቱ ላይ ቆማ ትጸልይና፣ በየክፍሉ የተደቀኑትን ባልዲዎች ትደፋለች። ወንድሟ ከተማ ውስጥ መነጽር ቤት አለው። ቤቱ ይሸጥ ያለው እሱ ነው። እሷን አራተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ ሊያስገባት፣ አልጋዋ የሚቆምበትን ቦታ ሳይቀር በሜትር ለክቶ ጨርሷል። እሷ እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። የጠየቃት የለማ።

ገዢ እንዲፈልግ የተያዘው ደላላ በሰው ሁሉ አፍ «ቅርስ» ነው ስሙ፤ ያልወደቀ ግድግዳ ካየ ከዚህ ሌላ ቃል አያውቅም። የጄኔራሉን ወሬ ከወንድሟ የሰማ ቀን ተነሥቶ አቀፈው። ጄኔራሉ ከሌሉ አሮጌ ቤት ነው፣ ካሉ ግን ቅርስ ነው ብሎ አስረዳው።

ገዢዎቹ የሚመጡ ዕለት እትዬ ቤቱን ከጣራ እስከ ወለል አጽድታ ጠበቀች። ቀድሞ የደረሰው ቅርስ ግን ማዕዘኑን ቀና ብሎ አየ።

«የሸረሪት ድሩን ማነው የጠረገው?»

«እኔ ነኛ።»

«እትዬ፣ ያ እኮ የዘመን ምልክት ነበር።»

ወጥቶ ከግቢው አንድ እፍኝ አቧራ ዘገነና መስኮቱ ላይ እፍ አለበት። እትዬ ዕድሜ ልኳን አቧራ ለእንግዳ አሳይታ አታውቅምና ፊቷን አዞረች።

ገዢዎቹ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው የመታጠቢያ ቤት ዕቃ አስመጪ ነው፤ ሚስቱ የከተማው መስታወት ሰልችቷት ገጠር መተንፈስ የፈለገች ወይዘሮ ናት። ቅርስ ከፊት ከፊት እየሄደ አስጎበኛቸው። ጣራው ያፈሳል ወይ ቢባል፣ አያፈስም፣ ይተነፍሳል አለ። የማይገጥመው በር የጥንት አናጢ ሆን ብሎ የተወው ነው። ከመስኮቱ ውጭ ያለው የእበት ሽታ ከተማ ውስጥ በገንዘብ የማይገኝ ነው። ወይዘሮዋ የግድግዳውን ስንጥቅ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ይህን ማንም እንዳይነካው፣ እንዲያውም በዚያኛው ግድግዳም ቢሠራልን አለች። አስመጪው ሙያው ነውና መታጠቢያ ቤቱን ጠየቀ። ቅርስ ከጓሮው ጥግ ያለችውን የቆርቆሮ ጎጆ እያመለከተ፣ ያቺ ናት፣ ተቀምጠው አገር ምድሩን የሚያዩባት አለው።

እንግዳ ክፍሉ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግድግዳው ላይ የተተከለው የብረት ቀለበት ጄኔራሉ ጎራዴያቸውን የሚሰቅሉበት ሆነ። የበሩ መቃን በአንድ በኩል ተልጎ እንደ መስታወት ያበራል፤ ጄኔራሉ እዚህ ተደግፈው ነበር የጦር ስልት የሚያወጡት። ወይዘሮዋ ትከሻዋን አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዝቅ ብሏል እኮ፤ አጭር ነበሩ ማለት ነው?» አለ አስመጪው።

«ጀግና ሁሉ አጭር ነው» አለ ቅርስ።

አስመጪው ወሬ ብቻ የሚበቃው ሰው አልነበረም። በሩ ላይ የነሐስ ጽሑፍ ሊያስለጥፍ፣ በክፍሉ የሚያሳድራቸውን ትልልቅ እንግዶች በጄኔራሉ አልጋ ላይ ተኛችሁ ሊላቸው አስቧል። ስለዚህ ነገሩን በጆሮዋ ከሰማችው ሴት አፍ እሰማለሁ፣ ከሰማሁ እዚሁ እፈርማለሁ አለና እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። ወንድሟ እትዬን በዓይኑ ለመናት።

እትዬ ጠዋት የጸለየችው አንድ ነገር ነበር፤ በአባቷ ቃል ላይ እንዳትጨምር፣ ከቃላቸውም እንዳትቀንስ። ጄኔራሉ አድረዋል ብላ ስትመሰክር ቤቱ ከእጇ እንደሚወጣ ታውቃለች። ቢሆንም የሰማችውን ልትናገር አፏን ከፈተች። ይህን ጊዜ ዝናቡ ወረደ፣ ቆርቆሮው ጮኸ።

«ጮክ ይበሉልኝ፣ አልሰማሁም» አለ አስመጪው፣ እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ።

ልክ አጎትየው ያደርጉት እንደነበረው። እትዬም ልክ እንደ አባቷ ጮኸች።

«ጄኔራሉ እንግዳ ክፍል ነው ያደረው!»



«ያደሩት» አለ ወንድሟ እየሳቀ። «ያደሩት ለማለት ነው።»

«አያርሟቸው!» አለች ወይዘሮዋ፣ ደስ ብሏት። «ከአባታቸው ጋር አንተ የሚባባሉ ወዳጆች ነበሩ ማለት ነዋ።»

እትዬ ግን ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደንግጣ ቀርታለች። አባቷ አንተ የሚሉት ሰው አልነበረም። ለፖስታ አመላላሹ አንቱ፣ ለገበያ ደላላ አንቱ፤ የጎረቤት ሕፃን ሲድህ ቢያዩ እንኳ «ይነሡ እንጂ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ለጄኔራል እንዴት አደረ ይላሉ? ወዲያው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዛት፤ ከቤቴ እንዳልወጣ ብዬ ልቤ የፈጠረው ይሆን እንዴ? ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጅራቱ አሁን ከየት መጣ? እስኪ ይውጣና ልየው ብላ ቀጠለች፤ የቀረውም ከነጅራቱ ተከታትሎ ወጣ።

«መጋረጃውን በላው! ባለቤቱ እያለቀሱ መጥተው ወሰዱት!»

ባለቤቱን አንቱ፤ ጄኔራሉን አንተ። ሚስቱን አክብሮ ባልየውን የሚያዋርድ ሰው የት አለ? ይህን ስታስብ፣ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ሴትዮ ትዝ አሏት። ውሻቸውን ሻምበል፣ አህያቸውን አሥር አለቃ ነበር የሚሉት። በዚያ ክረምት ወንዙ በረታቸውን ይዞት እንደሄደ ሰምታለች።

«ወንድሜ» አለችው አስመጪውን፣ ቀስ ብላ። «ባለቤቱ ሚስቱ አይደሉም፤ ያሳደጉት ሴትዮ ናቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጄኔራሉ በሬ ነው።»

ሁሉም የብረት ቀለበቱን አዩ። ቀጥለው የተላገውን መቃን አዩ። ወይዘሮዋ ትከሻዋን ከመቃኑ ላይ በቀስታ አነሣች።

ቅርስ ብቻ አልደነገጠም። ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ፣ ጄኔራል ያደረበት ቤትማ ሞልቷል፣ በሬ እንግዳ ክፍል ያስተኛ ቤት ግን የት ይገኛል፣ እንዲህ ያለ ኦሪጅናል የገጠር ኑሮ የት ይታያል እያለ ማስረዳት ጀመረ። ወይዘሮዋ ሐሳቡ ገባት፤ እንዲያውም ቀለበቱ ላይ አንድ በሬ ቢታሰር ምን ያህል ያምር ነበር አለች። ባልየው እስክሪብቶውን ከድኖ ወደ ኪሱ መለሰ። ሚኒስትር በበሬ ቦታ አላስተኛም አለና ወጣ። እሷ ተከተለችው፤ መኪናው እስኪርቅ ድረስ ሲጨቃጨቁ ይታዩ ነበር። ቅርስም ጃንጥላ ይዞ በጭቃው ከኋላቸው ሮጠ።

እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀሩ።

«ያደሩት ብትይ ምን ነበረበት?»

«አባባ ያላሉትን እንዴት ልበል?» አለችው። ቀጥላም፣ «ደግሞ ልንገርህ። እኔ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም። ለዚሁ ብዬ እንዳይሆን የተናገርኩት፣ እሱን ነው የፈራሁት።»

«ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ሲያንጸባርቅለት ቀና አድርጎ ሊያይበት ሲል፣ ከጣራው አንዲት ጠብታ መጥታ መሐሉ ላይ አረፈች። ጣራውን አየ። ለሚሸጥ ቤት ብሎ ስንት ክረምት ቸል እንዳለው ያውቃል። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እትዬ የሚያለቅስ መስሏት ተጠጋች። እሱ ግን እየሳቀ ነበር።

«መጋረጃውን በላው!» አለ፣ እንባውን እየጠረገ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን የሰረቁ ነበር የመሰለኝ።»

እትዬ ባልዲውን ከጠብታው ሥር አስተካክላ አቆመችና፣ አልጋ የሚቆምበት የተለካው ቦታስ ምን ይሁን አለችው። የመነጽር መደርደሪያ አቆምበታለሁ፣ እኔም ቅዳሜ ቆርቆሮና ምስማር ይዤ እመጣለሁ አላት።

«የቱን ክፍል ነው የምታስቀድመው?»

«ጄኔራሉ ያደረበትን» አለ።