ፈጣን እና ፈተና

የኑርሀን ምላስ አያርፍም፤ ጣቷ ደግሞ ከምላሷ ይብሳል። የሐጂ መሐዲ «ፈጣን ባስ» ናይሮቢ እስኪያደርሳት መንገድ ለመንገድ እየቆመ ቢያስመርራት፣ ቁጭ ብላ «ፈተና ባስ» የሚል ድረ ገጽ ሠራች። ያው ቀይ ቀለም፣ ያው የሐጂ አርማ ሰጎን፤ የእሷ ሰጎን ግን ጎማ ተሸክሞ ያነክሳል። «የመነሻ ሰዓት፦ ሾፌሩ ወሬውን ሲጨርስ» ይላል። ሞያሌ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ሳቀ።

ሐጂ ግን አልሳቁም። ከናይሮቢ ጠበቃ አስመጥተው የአውቶቡሱ መነሻ፣ ስቴጁ ላይ አስጠሯት። ጠበቃው አማርኛ አያነብም፤ በላቲን ፊደል ሲያያቸው ደግሞ ሁለቱ ስሞች መንታ ሆኑበት።

«መቀለድ መብትሽ ነው» አላት በስዋሂሊ። «ተሳፋሪ የአንቺን ገጽ የሐጂ ነው ብሎ ከተሳሳተ ግን የንግድ ምልክት ቀምተሻል። ገጹ ይዘጋል፣ አንቺም ትከሰሻለሽ።»

የኑርሀን ልብ ድው ድው አለ፤ በፍርሃት እንዳይመስላችሁ፣ ክርክር ነፍሷ ነው። «ፈጣንን ከፈተና የማይለይ አንድ ተሳፋሪ ከተገኘ እኔው በእጄ እዘጋዋለሁ» ብላ ፎከረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ሐጂም ወረፋ ላይ የቆሙትን ወይዘሮ ዋሪቱን ጠሩ። «እናቴ፣ የእኛን ገጽ ያውቁታል?»

«እንዴታ፣ ልጄ ስልኩ ላይ አነበበልኝ እኮ። ሾፌሩ ወሬውን ሲጨርስ እንነሳለን ይላል፤ ብመጣ እውነትም ወሬ ላይ ነው። ሐጂ፣ እንዲህ እውነቱን የሚናገር ነጋዴ አይቼ አላውቅም። አላህ ዕድሜና ሀብት ይጨምርልዎ።»

«አሜን» አሉ ሐጂ ሳያስቡት።

ኑርሀን ልትስቅ አፏን ከፍታ ነገሩ ገባት፤ ሴትየዋ ሙገሳው መሐል የእሷን ገጽ የሐጂ ብለው ጉድ ሠርተዋታል። ጠበቃው ሲተረጎምለት የክስ ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ።

ሐጂ ግን ወረቀቱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ምርቃቱን ተቀብያለሁ። ያስመረቀችኝን ልጅ እንዴት ብዬ እከሳለሁ? ስሚ ልጄ፣ ሰጎኔንና ቀለሜን መልሺልኝ። ስሙን ያዢው፤ ግን ቀልድ መሆኑን ከላይ ጻፊ።»

ኑርሀን እዚያው ስልኳን አወጣች። ሰጎኑን አጥፍታ ኤሊ ተካች፣ ቀዩን አረንጓዴ አደረገች። ከሁሉ በላይ በትልልቁ ጻፈች፦ «ይህ ቀልድ ነው። እውነተኛውን የመነሻ ሰዓት የሚፈልግ ወደ ፈጣን ባስ ገጽ ይሂድ።»

ወረፋው አነበበ፣ ወሬውን ገና ያልጨረሰውን ሾፌር አየና በሳቅ ፈነዳ። እስከ ዛሬ ከጻፈችው ሁሉ እንዲህ ያሳቀ የለም፤ ሐጂም ጠበቃው እንዳያያቸው ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።